«ዘውግ» በምትለዋ መስመር ላይ ምን ይጻፍ?

ይቺ ጽሑፍ ረዘም ትላለች፤ ቡና የሚጠጣ ቡናውን ይያዝ።

ጉዳዩ የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» አልበም ነው። ከአራት የድሮ ተማሪዎቼ ጋር ሆነን ስለዚህ አልበም ለአማርኛው ውክፔዲያ የሚሆን ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ካለች አንዲት የጀበና ቡና ቤት እንገናኛለን። ጽሑፉ አልቋል ማለት ይቻላል። ያላለቀችው አንዲት መስመር ናት። ከጽሑፉ ጎን በምትቀመጠው የመረጃ ሣጥን ውስጥ «ዘውግ» የምትል መስመር አለች፤ ከፊቷ አንድ ቃል መጻፍ ነው። አንድ ቃል! በዚያች አንድ ቃል ሦስት ቅዳሜ ፈጀን።

አንደኛው ልጅ «ሮክ» ይላል፣ በቃ። ሁለተኛዋ «ኢትዮ-ሮክ» ካልሆነ ትላለች። ሦስተኛው፣ ጊታር የሚጫወተው፣ መጀመሪያ «ፕሮግረሲቭ ሮክ» ብሎ ተነሣና ሁለት ሰዓት ሙሉ አስረዳን። አራተኛዋ ሁሉም ሲደክማት «ዘመናዊ ሙዚቃ ብላችሁ ተገላገሉ እንጂ!» አለች። እኔ ደግሞ የራሴ ሐሳብ አለኝ፤ እሱን ልነግራችሁ ነው የተነሣሁት። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ የሙዚቃ ባለሙያ አይደለሁም። ያለኝ የመምህርነት ዲፕሎማና ሁለት ጆሮ ነው። የማስተምረው አማርኛ ስለሆነ ግን ቃል ሲነካ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ለማታውቁት፣ ጃኖ ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ ድምፃውያን ከፊት አሰልፎ፣ ከኋላ ኤሌክትሪክ ጊታርና ከባድ ድራም ይዞ የመጣ የአዲስ አበባ ባንድ ነው። «ኤርታሌ» የመጀመሪያ አልበማቸው ነው፤ በ2005 ዓ.ም. ወጣ። ፕሮዲውስ ያደረገው አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው። ይሄ ሰውዬ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኸርቢ ሃንኮክ ጋር «ሮኪት»ን የሠራ፣ የሞተርሄድን «ኦርጋዝማትሮን» ፕሮዲውስ ያደረገ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእጅጋየሁ ሽባባውን (የጂጂን) አልበም ያዘጋጀ ነው። ጃዝ፣ ሄቪ ሜታል፣ ጂጂ። እስቲ እሱን ራሱን በየትኛው ዘውግ ታስቀምጡታላችሁ?

ስሞቹም ደስ ይላሉ። ጃኖ ማለት ያ ቀይ ጥለት ያለው፣ ድሮ መኳንንቱ የሚለብሱት ኩታ ነው። ኤርታሌ ደግሞ አፋር ውስጥ ያለው እሳተ ገሞራ፤ በአፋርኛ «የሚጨስ ተራራ» ማለት ነው ይባላል። እንግዲህ አልበሙ ሲወጣ «ይሄ ጩኸት ነው እንጂ ዘፈን አይደለም»፣ «ይሄ የኛ አይደለም» ያሉ ሰዎች ነበሩ። ያኔ ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ስለነበር በመምህራን ማረፊያ ክፍል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለዚህ ነው የ«ዘውግ» መስመር ቀላል ያልሆነችው። «ሮክ» ስትል አንዱ «የፈረንጅ» ብሎ ይሰማሃል።

ቃሉ ራሱ ጣጣ አለበት። «ዘውግ»ን በየዓመቱ አስተምረዋለሁ፤ ልቦለድ፣ ግጥም፣ ተውኔት የሥነ ጽሑፍ ዘውጎች ናቸው እያልኩ። ሰሌዳው ላይ ስጽፈው ግን ከኋላ ወንበር ሳቅ አይጠፋም። ልጆቹ ቃሉን የሚያውቁት ከዜና ነዋ! «የዘውግ ፖለቲካ» ሲባል ነው የሰሙት። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ግጥም ዘውጉ ምንድነው፣ ከየት አካባቢ ነው?» ብሎኝ ክፍሉ ፈረሰ። ወደ ፖለቲካው አልገባም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የምትለዋን መስመር ሲሞሉ እናቱ ከአንድ ቦታ አባቱ ከሌላ ቦታ የሆነ ልጅ ምን እንደሚሰማው የምታውቁ ታውቃላችሁ። መስመሯ ጠባብ ናት። አንድ ቃል ብቻ ነው የምትይዘው። የአልበም ሣጥንም እንደዚያው ናት።

ይሄ የሣጥን ነገር ከየት መጣ? ባጭሩ ከሱቅ መደርደሪያ። በ1987 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት የተሰበሰቡ የትንንሽ ሙዚቃ አሳታሚዎች ሰዎች ከአፍሪካም፣ ከእስያም፣ ከላቲን አሜሪካም የሚመጣውን ሙዚቃ ሱቅ ውስጥ የት እናስቀምጠው ብለው ተመካከሩና «ዎርልድ ሚውዚክ» የሚለውን ስም መረጡ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሸማቹ እንዲያገኘው ነው። ግን አስቡት፣ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ቤልጂግ ያለው ክራምድ ዲስክስ አሳትሞት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የጭፈራ ዘፈን የነበረው አውሮፓ ሲደርስ ከሞንጎሊያ የጉሮሮ ዘፈን ጎን ተደረደረ። ማሕሙድ አልተቀየረም። የተቀየረው ከመደርደሪያው ፊት የቆመው ሰው ነው። የግራሚ ሰዎች እንኳን በ2020 እ.ኤ.አ. «ዎርልድ» የሚለው ቃል ሸክም ሆኖባቸው «ግሎባል» ብለው ለወጡት። ምን ተለወጠ? መደርደሪያው ያው ነው፣ ወረቀቱ ተቀየረ።

እኛም የራሳችን መደርደሪያ አለን፤ «ባህላዊ» እና «ዘመናዊ»። በቃ ሁለት። ማሲንቆ ካለ ባህላዊ፣ ሳክስፎን ካለ ዘመናዊ። በዚህ ስሌት ጥላሁን ገሠሠም ዘመናዊ፣ ጃኖም ዘመናዊ ነው። አራተኛዋ ልጅ «ዘመናዊ ብላችሁ ተገላገሉ» ያለችው ለዚህ ነው፤ እውነት አላት፤ ግን ሁሉንም የሚይዝ ቃል ምንም አይነግርም።

«ኢትዮ-ሮክ»ስ? እዚህ ላይ ነው ከሁለተኛዋ ልጅ ጋር የተጣላነው። (ታረቀናል፤ ቡናውን እሷ ከፈለች።) «ኢትዮ-ጃዝ ይባል የለ እንዴ? ለምን ኢትዮ-ሮክ አይባልም?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ኢትዮ-ጃዝ የሚለው ስም እንዴት እንደመጣ እንይ። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ያወጣቸው ሁለት አልበሞች ስማቸው «አፍሮ-ላቲን ሶል» ነው። የባንዱ ስም «ኢትዮጵያን ኩንቴት» ሆኖ አልበሙ ላይ የተለጠፈው ግን ላቲን ነው፤ ያኔ ኒው ዮርክ የሚሸጠው እሱ ነበራ። «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» በ1972 እ.ኤ.አ. ወጣ። ኢትዮ-ጃዝ የሚለውን ስም ሙላቱ ራሱ አውጥቶ ራሱ ነው የሚያብራራው፤ ባለ አምስት ድምፅ የሆነውን የኛን ቅኝት፣ አሥራ ሁለት ድምፅ ካለው ከጃዙ ሃርመኒ ጋር፣ ቅኝቱ ሳይጠፋ ማዋሃድ ማለት ነው። ይሄ የሱቅ ወረቀት አይደለም። የአሠራር ስም ነው፤ ሙያ ነው። ከዚያ የፈረንሳዩ «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አራተኛ ቁጥር በ1998 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ስም ሽፋኑ ላይ ይዞ ወጣ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙ ውስጥ አስገባው። ዓለም አወቀው።

ከዚያ በኋላ ነው ችግሩ። ሁሉም ነገር ላይ «ኢትዮ» መለጠፍ ተጀመረ። ኢትዮ-ፖፕ፣ ኢትዮ-ሬጌ፣ ኢትዮ-ፊውዥን፣ ኢትዮ-ምናምን። ከኢትዮ ቴሌኮም በቀር ምን ቀረ? በእንግሊዝኛ ለሚያነብ ለኦስሎ ሰው «ኢትዮ-ሮክ» የሆነ ነገር ይነግረው ይሆናል። በአማርኛ፣ ስለ አዲስ አበባ ባንድ፣ በአማርኛ ስለተዘፈነ አልበም በተጻፈ ጽሑፍ ላይ «ኢትዮ» ማለት ግን ምን ይጨምራል? እናቴ «ኢትዮ-ሽሮ ሠርቻለሁ» ብላኝ አታውቅም።

አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምር፤ በጣም ስለምወደው ነው። ኃይሉ መርጊያ፣ የዋሊያሱ ኪቦርዲስት፣ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮንና ኪቦርዱን፣ ድራም ማሽኑን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። ካሴቱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል ኢንስትሩመንቱ» የሚል ነው። ክላሲካል! ከዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ያንን ካሴት አግኝቶ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና አሳተመው። ያኔ ጋዜጦቹ ጃዝ አሉት፣ ፈንክ አሉት፣ ኤሌክትሮኒክ አሉት። ኃይሉ ያን ሁሉ ዓመት ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ፣ እረፍት ሲያገኝ መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን ይለማመድ ነበር። የእሱን አልበም ሣጥን ብሞላ መጀመሪያ የምጽፈው ራሱ የሰጠውን ቃል ነው። ሌላው ቀጥሎ፣ ማን እንዳለው ተጠቅሶ።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። ቤት ውስጥ የድሮ ካሴት ወይም ሲዲ ያላችሁ አውጡና ሽፋኑን እዩት። ምን ተጽፏል? «ግጥም፦ እገሌ። ዜማ፦ እገሌ። ቅንብር፦ እገሌ።» ለእያንዳንዱ ዘፈን፣ አንድ በአንድ። «ዘውግ» የሚል አይታችኋል? እኔ እስካሁን አላየሁም። አዲስ ዘፈን ሲወጣ ታክሲ ውስጥ ያለው ሰው «ምን ዓይነት ዘውግ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። «ግጥሙ የማነው? ዜማውስ?» ነው የሚለው። ይልማ ገብረአብ የጻፈው ነው ሲባል፣ አበበ መለሰ ዜማ የሰጠው ነው ሲባል ሰው ይገባዋል። ቅንብርማ ጭራሽ ዘውግ ሆኖ የሚያገለግል ነው። «ቅንብር፦ ኤልያስ መልካ» የሚል ሽፋን ላይ ካየህ ገና ሳትከፍተው ድምፁ ምን እንደሚመስል፣ ቤዙ እንዴት እንደሚሄድ ትገምታለህ። የቱ የእንግሊዝኛ የዘውግ ስም ነው ያን ያህል የሚነግርህ?

የአልበም ሣጥኗ ግን ከእንግሊዝኛው የተቀዳች ናት። የወጣበት ቀን፣ የተቀዳበት ስቱዲዮ፣ ዘውግ፣ ርዝመት፣ አሳታሚ፣ ፕሮዲውሰር። ግጥምና ዜማ የሚል መስመር የላትም! በእንግሊዝኛው ሥርዓት የደራሲው ስም ለነጠላ ዘፈን በተሠራች ሌላ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። እንግዲህ እኛ የኛን አልበም በዚያ ሣጥን ስንሞላ አድማጫችን መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ቦታ የለውም፤ ጠይቆት የማያውቀው ግን ደምቆ ተቀምጧል። ስለዚህ የምለው ይሄ ነው፤ ለአማርኛው ሣጥኗን እንቀይራት። ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ከላይ ይግቡ። ዘውግ ከታች ትሁን፣ አጭርና ሰፊ ቃል ይጻፍባት፣ ዝርዝሩ ጽሑፉ ውስጥ በዓረፍተ ነገር ይነገር። ዓረፍተ ነገር «ግን» እና «ይሁን እንጂ» ማለት ይችላል፤ ሣጥን አይችልም።

ጊታሪስቱ ልጅ እዚህ ላይ አልተስማማም። የሱን ነገር በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሐሳቤን የለወጠው እሱ ነው። እኔ መጀመሪያ «ዘውግ የምትለዋን ጭራሽ ባዶ እንተዋት» ወደሚለው አዘንብዬ ነበር። ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና «ቲቸር፣ አንተ ስለ ቃል ነው የምታወራው። እኔ ኑሮዬ ነው» አለ። ይሄ ልጅ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ላይ ኪቦርድ ይመታል፤ የሚበላው ከዚያ ነው። ጊታሩን በዲስቶርሽን የሚጫወተው ቤቱ በሄድፎን ነው። አባቱ «ይሄ የኛ አይደለም፣ ተው» ይሉታል። ጃኖን ሲያይ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። «እዚህ አገር ሮክ ተጫውቶ አልበም ያወጣ ባንድ አለ የሚለውን ለአባቴ በአማርኛ ተጽፎ ባሳየው ደስ ይለኛል። ባዶ ከተውከው ማን ያምነኛል?» አለኝ።

ምን ትሉታላችሁ?

ከዚያ ጊታሩን አወጣ። አምፕሊፋየር የለ፣ ዝም ብሎ በሽቦው ድምፅ። ጊታር የሚማር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚማራትን፣ የብሉዝና የሮክ ሶሎ ሁሉ መነሻ የሆነችውን ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ቀስ አድርጎ መታት፤ ወጣ፣ ወረደ፣ አንዷን ድምፅ ጎተት አደረጋት። የቡናዋ ባለቤት፣ የወሎ ሰው ናቸው፣ ሲኒ እያጠቡ ሳለ ቀና አሉና «ምነው ልጄ፣ ባቲውን ጀመርከው ተውከው?» አሉት።

ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ ማለት ይቻላል። ልክ ናቸው እትዬ። የባቲ ቅኝት ማይነሩ የሚባለው አምስቱ ድምፆቹ ከዚያች የሮክ ስኬል ጋር አንድ ናቸው። ሜጀር የሚባለው ትዝታም ፈረንጆቹ ሜጀር ፔንታቶኒክ ከሚሉት ጋር አንድ ነው። አምባሰልና አንቺሆዬ ግን ይለያሉ፤ እነሱ ጋ ነው የውጭ ሰው ጆሮው የሚደናገረው። ልዩነቱን የሚያመጣው ድምፆቹን የምትይዝበት መንገድ ነው፤ የቱ ላይ ታርፋለህ፣ የቱን ታንቀጠቅጣለህ፣ ምቱ ችክችካ ነው ወይስ ቀጥ ያለ አራት። እንግዲህ «ሮክ የኛ አይደለም» የሚለው ሰው ቢያንስ ስለ አምስቱ ድምፆች እያወራ አይደለም ማለት ነው።

ይሄን ግን ጽሑፉ ውስጥ አላስገባነውም። የውክፔዲያ ደንብ ግልጽ ነው፤ ራስህ ያገኘኸውን፣ ሌላ ሰው በታመነ ቦታ ያላሳተመውን ነገር አትጽፍም። የእትዬ ጆሮ የቱንም ያህል የሰላ ቢሆን ምንጭ አይሆንም። ተማሪዎቼ በዚህ ተናደዱ። እኔ ግን ደንቡን እደግፋለሁ፤ እሱ ባይኖር እያንዳንዱ ሰው የጆሮውን ይጽፍና በማግስቱ ሌላው ያጠፋዋል። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ የዘውግ መስመርን ያለ ምንጭ እየገቡ መቀየር የታወቀ በሽታ ነው፤ የሮክ አልበሞች ላይ ደግሞ ይብሳል። አንዱ «ሃርድ ሮክ» ይላል፣ ሌላው መጥቶ «ሄቪ ሜታል» ያደርገዋል፣ ማታ ደግሞ ይመለሳል።

የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። ስለ ቅኝቶቻችን የጻፉ የኛ ሰዎች አሉ፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ስንት ዓመት ሙሉ ጽፈዋል። ስለ አንድ የተወሰነ አልበም ግን፣ ይሄ ዘፈን በዚህ ቅኝት ነው፣ እዚህ ጋ ከቅኝቱ ወጥቷል፣ እዚህ ጋ ተመልሷል ብሎ ቁጭ ብሎ የጻፈ ስፈልግ አላገኘሁም። ያገኘሁት ስለ ልብሳቸው፣ ስለ ፀጉራቸው፣ ስለ ኮንሰርቱ ድምቀት ነው። የራዲዮ ቃለ መጠይቆቹ ጥሩዎች ናቸው፤ ግን አየር ላይ ውለው አየር ላይ ቀሩ። የያሬድ ልጆች ይሄን የምታነቡ ካላችሁ፣ አንድ አልበም ያዙና አሥር ገጽ ጻፉልን። እኛ እንጠቅሳችኋለን።

ስለ ማስተካከሉ ሥራ ደግሞ ትንሽ ላውራ፤ ከዘውጉ ክርክር ይልቅ ብዙ ያስተማረን እሱ ነው።

የመጀመሪያውን ረቂቅ አንዱ ልጅ በስልኩ መተርጎሚያ አስተርጉሞት ነበር። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ጃኖ የኢትዮጵያ የድንጋይ ባንድ ነው» ይላል። ሳቅን ሳቅን፣ ከዚያ አሰብኩበት፤ እሳተ ገሞራ በስሙ ለጠራ አልበም እኮ ያን ያህል አያንስም። ያም ሆኖ ሰረዝነው።

ቀጥሎ ዓመተ ምሕረት። ልጆቹ ከእንግሊዝኛ ገጽ ላይ «2012» ብለው ገልብጠው ነበር። በኛ አቆጣጠር 2012 ኮሮና የገባበት ዓመት ነው! አልበሙ ኮሮና ሰሞን ወጣ ሊሆን ነው። ስለዚህ ሕግ አወጣን፤ ቁጥር ያለ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብቻውን አይቆምም። የሙዚቃ ታሪካችን ላይ ያሉ ብዙ ክርክሮች ግማሹ እኮ ሰባትና ስምንት ዓመት የመጨመርና የመቀነስ ጉዳይ ነው።

ከዚያ ቅጽሎቹ። «አንጋፋው»፣ «ተወዳጁ»፣ «ዕውቁ»፣ «በጉጉት ሲጠበቅ የነበረው»። በአማርኛ ስለ ዘፋኝ ስንጽፍ እነዚህ ቃላት እንደ ጨው ናቸው፣ ሳናውቀው እንበትናቸዋለን። ሃያ ሦስት ቆጥሬ አወጣሁ። ሳወጣቸው ልጆቹ «ቲቸር ወጣ፣ ደረቀ» አሉ። ደርቋል። ነገር ግን «ተወዳጁ ባንድ» ከሚለው ይልቅ «አራት ድምፃውያን በየተራና በአንድነት የሚዘፍኑበት ባንድ» የሚለው ያልሰማውን ሰው ጆሮ ውስጥ አንድ ነገር ይጥላል።

በጣም ያስደነገጠኝ ግን አንቱታው ነው። ረቂቁ ላይ ቢል ላስዌል «አልበሙን ፕሮዲውስ አድርገውታል»፣ «ኒው ዮርክ የሚኖሩት ባለሙያ» ይላል። ድምፃውያኑ ግን «ዘፈነች»፣ «ተጫወተ»፣ «ተቀላቀለች»። ለፈረንጁ አንቱ፣ ለልጆቹ አንተና አንቺ። ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም፤ እጃቸው ነው የጻፈው። የዘውግ መስመር ላይ ሦስት ቅዳሜ ስንጨቃጨቅ ይቺ መሃል ላይ ተቀምጣ ማንም አላያትም ነበር። እንግሊዝኛ ይሄ ጣጣ ስለሌለበት የሚቀዳ ሕግ እንኳን የለም። እኛ የተስማማነው ሁሉም በአንድ እንዲሆን ነው፤ ወይ ሁሉም አንቱ፣ ወይ ሁሉም እሱና እሷ። እሱና እሷን መረጥን፤ በዕድሜ የገፉት ላይ ሲደርስ ግን እጃችሁ እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁ። የኔም ተንቀጥቅጧል። ከላይ ሙላቱን «እሱ» ብዬ ሁለት መስመር ዝቅ ስል አሸናፊን «ጽፈዋል» ማለቴን ያስተዋለ ይኖራል፤ ይሄ የኔ ገጽ ነው፣ መዝገበ ዕውቀቱ ላይ ግን አይፈቀድም።

«ይሄ ሁሉ ለአንድ አልበም?» የሚለኝ ይኖራል። የአማርኛው ውክፔዲያ ያሉት ጽሑፎች አሥራ አምስት ሺህ ገደማ ናቸው፤ እንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ አለው። ብዙዎቹ የኛዎቹ ሁለትና ሦስት ዓረፍተ ነገር ናቸው። የቤት ሥራ ስሰጥ ተማሪዎቼ የሚገለብጡት ከዚያ ነው፤ አሁን ደግሞ ማሽኑም የሚማረው ከዚያ ነው። አንድ በደንብ የተሠራ ጽሑፍ ቢኖር የሚቀጥለው ሰው የሚቀዳው እሱን ነው፤ ሣጥኑንም፣ አንቱታውንም፣ ዓመተ ምሕረቱንም።

እና ባለፈው ቅዳሜ የወሰንነው እንዲህ ነው። ዘውግ፦ ሮክ። አንድ ቃል፣ ያለ «ኢትዮ»፣ ያለ «ፕሮግረሲቭ»። ስለ ባንዱ የጻፉ አገር ውስጥም ውጭም ያሉ ሰዎች አብዛኞቹ የሚጠሩት በዚህ ነው፤ ምንጭ አለው። ጊታሪስቱ ልጅ «ፕሮግረሲቭ»ን ስትሰረዝ ትንሽ ከፋው፤ ጽሑፉ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባንለት፣ ማን እንዳለው ጠቅሰን። «ኢትዮ-ሮክ»ም ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አለች፣ አንዳንድ ጸሐፊዎች እንደዚያ እንደሚሉት። ከሱ በላይ ግን ሦስት መስመር ጨምረናል፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር።

ሦስቱም አሁን ባዶ ናቸው። ኢንተርኔት ላይ ያለው የዘፈኖቹ ርዕስና የደቂቃው ርዝመት ብቻ ነው፤ ስሞቹ ላይ ደግሞ አንዱ ገጽ ከሌላው አይስማማም። ስለዚህ የ«ኤርታሌ» ኦሪጅናል ሲዲ ያላችሁ፣ ወይም ልደታም ሆነ መርካቶ የሆነ ሙዚቃ ቤት ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ያያችሁ፣ ፎቶ አንሡና በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የፊት ሽፋኑን አይደለም፣ እሱ ሞልቷል። የውስጡን ወረቀት ነው፤ ፊደሉ እንዲነበብ በቀን ብርሃን፣ እጃችሁ ሳይንቀጠቀጥ።